ለአስር ሩብ ጉዳይ ፕላትፎርም

ጥያቄው የኔ ነበር። ሐምሌ ላይ ከልጄ ጋር እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ያለችው እህቴ ጋ ልንሄድ ነበር። ጠዋት ሂትሮው እናርፋለን። የሊድስን ባቡር የምንይዘው ለንደን ውስጥ ካለው ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ነው። እዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይተርፈናል። ልጄ 11 ዓመቷ ነው። የሃሪ ፖተርን ፊልሞች ከአንደኛው እስከ መጨረሻው በቃሏ ይዛቸዋለች። ልጁ ወደ አስማት ትምህርት ቤቱ የሚወስደውን ባቡር ሊይዝ ጋሪውን እየገፋ ግድግዳ ውስጥ የሚገባበት ፕላትፎርም (የባቡር መሳፈሪያ) 9¾ እዚያ ጣቢያ ውስጥ እንዳለ ከሰማች ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። እናም ጠየቅኩ፦ የት ጋ ነው? ይከፈልበታል? ትኬት የሌለው ሰው ይገባል? አራት ትልልቅ ሻንጣ ይዤስ እንዴት ልሁን?

የለጠፍኩት ሐበሻ የሚበዛበት የጉዞ መወያያ ላይ ነው። ሦስት አራት መልስ ይመጣል ብዬ ነበር። 38 መጣ። አሁን ከሄድንና ከተመለስን በኋላ ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ከሥሩ የተከታተሉትን መልሶች፣ ከላይ እስከ ታች ደግሜ ሳነበው፣ ከጉዞው ያልተናነሰ ጉድ ያለበት ሆኖ አገኘሁት።

1ኛው መልስ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ለንደን የሚኖር ሰው ነው፤ እህቴ እያለ በትህትና ጻፈ። ከመሬት ሥር ባቡሩ ወደ ላይ ስትወጪ ትልቅ አዳራሽ ታገኛለሽ አለኝ። ጣሪያው ነጭ ብረት ነው፤ እንደ ዋርካ ከአንድ ግንድ ተነስቶ ወደ ጎን ይዘረጋል። አዳራሹ አዲስ ነው፤ የተከፈተው በ2012 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ናቸው)። ጋሪው 9 ቁጥር ፕላትፎርም ወዳለበት አቅጣጫ፣ ከሃሪ ፖተር ሱቅ አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ጋሪውን ከማየትሽ በፊት ሰልፉን ታዪዋለሽ አለ። ያለው ከትኬት በሩ ውጭ ስለሆነ ትኬት አያስፈልግም፤ ክፍያም የለውም። አመሰገንኩ። እዚህ ጋ ቢያልቅ ኖሮ በቂ ነበር።

2ኛው ቀልደኛ ነው። እኔ 9¾ን በአማርኛ ዘጠኝ ከሦስት አራተኛ ብዬ ጽፌ ነበር። ምን አስጨነቀሽ፣ በኛ ቋንቋ እኮ ለአስር ሩብ ጉዳይ ነው አለኝ። 3ኛው ነገሩን የምር ወስዶት፣ ይሄ የሰዓት አቆጣጠር እንጂ የቁጥር አይደለም ብሎ አራት መስመር ማብራሪያ ጻፈ። 4ኛው ደግሞ ለ3ኛው ቀልድ ምን እንደሆነ አስረዳው። ከዚያ በኋላ ቦታውን በእንግሊዝኛ ስሙ የጠራው ሰው የለም። ሁሉም ሩብ ጉዳይ ሆነ።

5ኛዋ ስለ ሰልፉ አስጠነቀቀችኝ። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት ሰሞን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊያቆም ይችላል። በነሱ አቆጣጠር ከ9 በፊት፣ በኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መድረስ ነው መድኃኒቱ። እሷ ከአክስቷ ልጅ ጋር 50 ደቂቃ ቆማ፣ ተራዋ ሲደርስ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ድርግም አለባት። የሱቁ ፎቶ አንሺ አለ፤ እሱ ያነሳውን ሱቅ ገብቶ መግዛት ይቻላል። ግን ግዴታ አይደለም። ብዙ ሰው ግዴታ እየመሰለው ይገዛል አለች። ራሷም ገዝታለች፤ ባትሪዋ ስላለቀ።

ከሁሉም የጠቀመኝ 6ኛው ነው። ጣቢያው አካባቢ ይሠራል፤ ምን እንደሚሠራ አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እንዲህ እንደ እሱ የሚያስረዳ ሰው ብርቅ ነው። ጋሪው ግማሹ ግድግዳ ውስጥ የገባ ሆኖ ነው የተሠራው። ላዩ ላይ ሻንጣዎችና ጉጉት ያለበት የወፍ ቤት ተጭኗል። ተራሽ ሲደርስ የሱቁ ሠራተኞች ከአራቱ የትምህርት ቤቱ ቡድኖች የአንዱን ስካርፍ ያውሱሻል፤ የቀዩን፣ የአረንጓዴውን፣ የሰማያዊውን ወይም የቢጫውን። ልጅቷ የጋሪውን እጀታ ትይዛለች፤ አንድ እግሯን ወደ ኋላ ታነሳለች። አንዱ ሠራተኛ የስካርፉን ጫፍ ከኋላ ይዞ ይቆጥርና ወደ ላይ ወርወር አድርጎ ጎንበስ ይላል። ስካርፉ አየር ላይ እያለ ፎቶው ቀጭ ይላል። በቃ፣ የሚበር ትመስላለች። ምስጢሩ ጎንበስ ማለቱ ላይ ነው አለ፤ የሠራተኛው ጭንቅላት ከገባ ፎቶው ተበላሸ።

ከዚያ ወደ ሻንጣው ሄደ። ባለ 23 ኪሎ አራት ሻንጣ እየጎተቱ ያ ሰልፍ ውስጥ መግባት የማይታሰብ ነው። ጣቢያው ውስጥ በክፍያ ሻንጣ የሚያስቀምጥ ቦታ አለ። ሌላም አለ፦ ቀደም ብሎ በርካሽ የተገዛ ትኬት ለዚያች ለአንዷ ባቡር ብቻ ነው የሚያገለግለው። አመለጠችሽ ማለት ትኬቱ አለቀለት። ባቡሩ ከየትኛው ፕላትፎርም እንደሚነሳ ደግሞ ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ነው። ቁጥሩ ብቅ ሲል ያ ሁሉ ሕዝብ ባንድ ጊዜ ይነሳል። ስለዚህ ባቡርሽ ሊነሳ 40 ደቂቃ ከቀረው ሰልፉ ውስጥ አትግቢ፤ ልጅቷ ቢከፋትም ተሳፈሪ አለኝ። ይቺን ምክር ወረቀት ላይ ጻፍኳት።

7ኛውና 8ኛው ከሂትሮው እንዴት እንደምመጣ ተጨቃጨቁ። አንዱ በመሬት ሥር ባቡሩ፣ በፒካዲሊ መስመር ሳትወርጂ ሳትቀይሪ ቀጥታ፣ ቢዘገይም አንድ ሰዓት ገደማ ነው አለ። ሌላው የኤልሳቤጥ መስመር ይፈጥናል አለ፤ ግን መሀል ላይ ወርዶ መቀየር አለ። አራት ሻንጣ ላለው ሰው መቀየር ማለት ምን እንደሆነ የገባው የመጀመሪያው ነው።

9ኛው ላይ የክሩ ጠባይ ተቀየረ። ይቅርታ ግን ብሎ ነው የጀመረው፤ በዚህ ቃል የሚጀምር ሰው ይቅርታ እንደማይጠይቅ የታወቀ ነው። ጋሪው ያለበት ቦታ ፊልሙ የተቀረጸበት አይደለም አለ። እውነተኛዎቹ 9 እና 10 ቁጥር ያሉት ከዋናው ሕንፃ ጎን በተቀጠለው ክፍል ነው፤ በመሀላቸው ሐዲድ እንጂ ግድግዳ የለም። ፊልም ሠሪዎቹ ተሯሩጦ የሚገባበት ጡብ ሲፈልጉ ወደ 4 እና 5 ቁጥር ሄዱ። ጣቢያው በ1852 ሲከፈት ሁለት ትልልቅ ጣሪያዎች ጎን ለጎን ነበሩት፤ አሁንም አሉ። ሁለቱ የሚገናኙበት የጡብ ግድግዳ፣ ቅስት በቅስት የሆነው፣ በ4 እና በ5 መሀል ነው። ትክክለኛው ቦታ እሱ ነው፤ የሚገኘው ግን ከትኬት በሩ ወዲያ ነው። እና ሕዝቡ ሰልፍ ይዞ ፎቶ የሚነሳው ለጎብኚ ተብሎ ከተሰካ ጋሪ ጋር ነው ብሎ ደመደመ።

10ኛዋ አግዛው ጨመረች። የመጽሐፉ ደራሲ ራሷ ተሳስታ እንደነበር ተናግራለች፤ ስትጽፍ በሐሳቧ የነበረው ዩስተን የሚባለው ሌላው ጣቢያ ነው። 11ኛው ደግሞ ባሰበት። በሁለተኛው ፊልም መኪናዋ ከጣቢያው ፊት ለፊት ተነስታ ስትበር የሚታየው ቀይ፣ ባለ ሾጣጣ ማማ ሕንፃ ኪንግስ ክሮስ አይደለም፤ ጎረቤቱ ሴንት ፓንክራስ ነው። የኪንግስ ክሮስ ፊት ቀለል ያለ ቢጫማ ጡብ ስለሆነ አስማት አስማት አይሸትም። ሁለቱን የሚለያያቸው አንድ መንገድ ብቻ ነው።

ይሄን 11ኛ መልስ የጻፈውን ሰውዬ ወደድኩት። ከፊልሙ አልፎ ስለ ሕንፃው አወጋን። ሴንት ፓንክራስ የተከፈተው በ1868 ነው። የባቡር ማቆሚያው ጣሪያ 73 ሜትር ያህል ወርድ አለው፤ መሀሉ ላይ አንድም ምሰሶ የለም። ፊት ለፊቱ ያለው ሆቴል በ1873 ተከፈተ፣ በ1935 ተዘጋ፣ ከስንትና ስንት ዘመን በኋላ በ2011 እንደገና ሆቴል ሆነ። ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ፣ በ1996፣ የሴቶቹ የሙዚቃ ቡድን ስፓይስ ገርልስ የመጀመሪያ ክሊፓቸውን እዚያ ደረጃ ላይ ሲጨፍሩ ቀርጸዋል። የኔ ትውልድ እዚህ ጋ ነቃ አለ። አምስት ሰው በአንዴ የትኛዋን አባል ይወድ እንደነበር ጻፈ፤ አድሚኑ ግን ወዲያው ስላጠፋቸው ቁጥር ውስጥ አልገቡም።

12ኛው የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ለ9ኛው መለሰ። ልጅቷ የምትፈልገው ፎቶ ነው፣ የጡብ ታሪክ አይደለም፤ አዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ የልጅ ደስታ ላይ ውኃ ይቸልሳል አለ። 9ኛው ዝም አላለም። በ13ኛው ላይ ተመልሶ፣ ውሸት ማየት የሚፈልግ መብቱ ነው፣ እሱ ግን ለተጠየቀው ጥያቄ እውነቱን መለሰ አለ። 14ኛዋ ሁለቱንም በእናት ወግ ተዉ አለቻቸው። አልተዉም፤ ግን ድምፃቸው ቀነሰ።

15ኛው ብስጩ ነው። በዚያ ጣቢያ ለዓመታት ወደ ሥራ ተመላልሷል። ጠዋት ጠዋት ጎብኚ መንገድ መሀል ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ጣሪያው ያንጋጥጣል፤ ከኋላው የሚመጣው ሰው ሻንጣው ላይ ይወድቃል። ፎቶ ተነሱ፣ ግን ጠርዝ ያዙ አለ። ትንሽ ቅር አለኝ፤ አራት ሻንጣ ይዤ እመጣለሁ ያልኩት እኔ ነኝና። ግን መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ መሀል መንገድ የሚቆም ሰው እኔንም ያናድደኛል።

16ኛው ነው ነገሩን ያጦዘው። ልጅን ወደ ጠንቋይ ፊልም መውሰድ ምን የሚሉት ጉብኝት ነው፣ ለንደን ስንት ቤተ ክርስቲያን እያለ አለ። 17ኛው ተሳደበ፤ አድሚኑ ከላይ ሰረዘው፣ ቁጥሩ ግን አለ። 18ኛው ስድቡን ሳያይ ለስድቡ መለሰ። 19ኛዋ ግን በብልሃት ገባች። አያቷ ማታ ማታ ስለ ቡዳና ወደ ጅብ ስለሚለወጥ ሰው ሲያወሩላት ነው ያደገችው። አያቷ ደግሞ ጾም የማይሽሩ፣ ኪዳን የማያስታጉሉ ሰው ነበሩ። ተረትን ተረት ብሎ መስማት እምነት አያስረሳም አለች። 16ኛው አልመለሰም። 20ኛው አድሚኑ ነው፤ ወደ ባቡር ጣቢያው እንመለስ አለ።

ተመለስን፤ ያውም በማልጠብቀው በኩል። 21ኛው ጊዜ ካለሽ ፓዲንግተን ጣቢያ ሂጂ አለኝ። እዚያ 1 ቁጥር ፕላትፎርም ላይ፣ ከሰዓቱ ሥር፣ የድቡ የፓዲንግተን የነሐስ ሐውልት አለ። የልጆች መጽሐፉ በ1958 ወጣ፤ ፊልሙ በ2014። ድቡ ከፔሩ ብቻውን መጥቶ ጣቢያው ላይ ነው የሚገኘው፤ አንገቱ ላይ እባካችሁ ይህን ድብ ተንከባከቡት የሚል ወረቀት ተንጠልጥሏል። ደራሲው ይህን ያሰበው በጦርነቱ ጊዜ ስማቸው አንገታቸው ላይ ታስሮ በባቡር የተላኩትን ልጆች አስታውሶ እንደሆነ ተናግሯል። የ21ኛው ጸሐፊ ራሱ በልጅነቱ ከካርቱም በስደተኛ ጉዳይ ነው የመጣው። ስደተኞችን የሚያጓጉዘውን ድርጅት፣ የአይኦኤምን ፌስታል በደረቱ አንጠልጥሎ፣ ወረቀቱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ሆኖ፣ አንዲት የማያውቃት ሴት እጁን ይዛው ከአውሮፕላን ወረደ። ያን ሐውልት መጀመሪያ ሲያየው አንገቱ ላይ ያለውን ወረቀት ነው ያየው። ኮፍያውን ልብ አላለውም።

22ኛው አመሰግናለሁ ብቻ ነው ያለው። ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

ከዚያ ቀለል ያሉ መጡ። 23ኛው በ2007 የወጣው የሰላዩ የቦርን ፊልም ዋተርሉ ጣቢያ ውስጥ፣ እውነተኛው መንገደኛ እየተላለፈ እንደተቀረጸ ነገረን። 24ኛዋ የሙዚቃ ባንዱ ቢትልስ በ1964 ፊልማቸው ከአድናቂዎቻቸው እየሸሹ የሚሮጡበት ሜሪልቦን ጣቢያ ነው አለች። ከኔ ጥያቄ ጋር ግንኙነት የለውም። ግን ማን ያቆማቸዋል።

25ኛው ለንደንን ተውና ለገሀርን ተመልከቱ አለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ሕንፃው ያምራል፤ ፊት ለፊቱ የይሁዳ አንበሳ ቆሟል። ግን አሮጌው ባቡር ቆሟል፣ አዲሱ ደግሞ ከለቡ በኩል ነው የሚነሳው። እኛ ግን የሰው አገር ጋሪ እንሳለማለን አለ። 26ኛው ለገሀር የተቀረጸ ፊልም ጥራልኝ ብሎ አፋጠጠው። 27ኛው በመሀል ገብቶ፣ ያ አንበሳ ራሱ ጣሊያን ወስዶት ሮም ውስጥ ተርሚኒ ጣቢያ አጠገብ ቆሞ እንደነበረና ኋላ እንደተመለሰ አስታወሳቸው። ከዚህ በላይ ፊልም የሚሆን የጣቢያ ታሪክ ከየት ይመጣል አለ። እውነቱን ነው። ሁለቱም ፀጥ አሉ።

28ኛዋ ሻንጣዬ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ለእህቴ ደግሞ ትንሽ ቅቤና ቋንጣ አልኩ። ተንጫጩብኝ። ሥጋና የወተት ተዋፅኦ ከኛ አገር ወደ እንግሊዝ ማስገባት ክልክል ነው፤ ጉምሩክ ላይ ይወሰድብሻል አለች። 29ኛው አረጋገጠ፤ የናቱን የስድስት ወር ንጥር ቅቤ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ሲጥሉት ቆሞ አይቷል። ቅቤዋን አወጣኋት። 30ኛው ከጣቢያው ወጥቶ በእግር ጥቂት እንደተሄደ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት እንደማይታጣ ነገረኝ። 31ኛው ደግሞ ማለዳ የሚከፍት የሐበሻ ምግብ ቤት አይተህ ታውቃለህ ብሎ ጠየቀው።

32ኛዋ በነሱ ሴፕቴምበር 1፣ በኛ ነሐሴ 26፣ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ የፊልሙ አድናቂዎች ካባ ለብሰው እዚያ እንደሚሰበሰቡ ጻፈች። በታሪኩ ባቡሩ የሚነሳው ያኔ ነው። 33ኛው፣ ቀዩ ባቡር ራሱ ግን እዚያ የለም፣ ያለው ሌቭስደን በሚገኘው የፊልሙ ስቱዲዮ ነው አለ። በ1937 የተሠራ እውነተኛ የእንፋሎት ባቡር ነው። ለመሄድ ከዩስተን ተነስቶ ዋትፎርድ ጀንክሽን መውረድ ነው። ለሌላ ጊዜ።

34ኛው የኔ ነው፤ ከሊድስ የጻፍኩት።

በረራችን ዘገየ። አንድ ሰዓት ተኩሏ ወደ 35 ደቂቃ ወረደች። ከመሬት ሥር ባቡሩ እየተንገታገትን ወጣን፤ 1ኛው እንዳለው ሰልፉን አስቀድመን አየነው። ተጠማዝዞ ሱቁን አልፎ ሄዷል። ጋሪው ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ቀይ ስካርፍ አድርጋ ትዘላለች፤ ሠራተኛው ወርወር፣ ጎንበስ። ልጄ አንድ ቃል አልተናገረችም። የ6ኛውን ምክር አሰብኩ፤ 40 ደቂቃ ከሌለሽ አትግቢ። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። የ15ኛውንም አሰብኩና ሻንጣዎቹን ወደ ጠርዝ ሰበሰብኩ።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ቁጥራችን ወጣ። 4።

እንዴት እንደሮጥን አልነግራችሁም። በሩ ትኬታችንን አይቶ ተከፈተ። በግራ በኩል ያ የጡብ ግድግዳ፣ ቅስት በቅስት፣ ጥቁር ጥቀርሻ ያለበት። ምልክት የለውም፣ ሰልፍ የለውም። ሰው ሁሉ ቡናውን ይዞ እያለፈው ይሄዳል። ለልጄ እዚህ ነው አልኳት። ጡቡን በመዳፏ ነካችው። ለምን ምንም አልተጻፈበትም አለችኝ። ከዚያ ሻንጣዋን፣ ሽሮ የሞላውን፣ እንዳይጠፋ እጀታው ላይ ቢጫ ጥብጣብ ያሰርንለትን፣ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ግድግዳው አዞረችው። ጎማው ጡቡን እስኪነካ ገፋችው።

አውሮፕላን ላይ በርዶኝ የለበስኩትን ነጠላ አውልቄ አንገቷ ላይ ጠመጠምኩት። ብርቱካናማ ሰደሪያ የለበሰ የጣቢያ ሠራተኛ ቆሞ ያየናል። ይከለክለናል ብዬ ነበር። ስልኬን ከእጄ ተቀበለና ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደ። እኔ የነጠላውን ጥለት ይዤ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ወርወር፣ ጎንበስ። ጎንበስ ስል ወገቤን ያዘኝ። ፎቶው ላይ ልጄ ከጀርባዋ ትታያለች፤ አንድ እግሯ አየር ላይ ነው፣ ነጠላው ተዘርግቶ ጥለቱ ብቻ ጥርት ብሎ ወጥቷል። የኔ አንድ ጫማ ከታች ገብቷል።

ባቡሩ ሲነሳ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ፎቶውን ለጠፍኩት። 35ኛው፣ ማን ይሆናል፣ ያው 9ኛው ነው። አመሰገነኝ። ከዚያ ይቅርታ ግን አለ፤ የተነሳችሁት እዚያ ቅስት ላይ አይደለም፣ ወደ ፊት ሁለት መቁጠር ነበረባችሁ። 36ኛው የሦስት ልጆች አባት ነው፤ የጻፈውን አልደግመውም። 37ኛዋ ጥለቱን ወድዳው ነጠላውን ከየት እንደገዛሁት ጠየቀች። 38ኛው እኔን ቀድሞ ሽሮ ሜዳ ነው ብሎ መለሰላት፤ ዋጋውንም ተናገረ። ዋጋው ላይ መከራከር ሲጀምሩ አድሚኑ ክሩን ዘጋው።